እንዝርትና ፈረቃ

የአቃቂ ታሪክ ሲወሳ በቅድሚያ የሚነሡት ባቡሩና ፋብሪካው ናቸው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር አቃቂን ጣቢያው አደረጋት፤ ከ1950ዎቹ ወዲህም የጨርቃ ጨርቅ ሠርቶ አደር መንደር ሆነች። ይሁን እንጂ የሠርቶ አደሩ ታሪክ በፋብሪካው በር ላይ አያበቃም፤ ከፈረቃ በኋላ በቤቱ ይቀጥላል።

ቀድሞ ፈትል የቤት ሙያ ነበር። እናት ጥጡን ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶውን በእንዝርት ስትፈትል ልጆች ከጎኗ ሆነው ፍሬ ይለቅማሉ፤ እጅ ሲሠራ አፍ ተረትና እንቆቅልሽ ይለዋወጣል። እንጀራ፣ ጥበብና ልጅ ማሳደግ በአንድ ምድጃ ዙሪያ ይገናኙ ነበር። ፋብሪካው ግን ፈትሉን ከቤት አውጥቶ ለመኪና ሰጠው፤ የወላጅንም ቀን በፈረቃ ከፈለው።

ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ «አባባ ተስፋዬ» በመባል የታወቁት ተስፋዬ ሳህሉ ተረትን ለብዙ ሕፃናት በመስኮት አደረሱ። ውለታቸው ታላቅ ነው፤ ሆኖም መስኮት የልጅን ጥያቄ ሰምቶ አይመልስም።

ስለዚህ የሥራ ሰዓት ጥያቄ የባህልም ጥያቄ ነው። የሠራተኛ ሕጉ መደበኛ ሥራን በቀን በ8፣ በሳምንት በ48 ሰዓት ወስኗል። በአዋጅ ቁጥር 377/1996 90 ቀን የነበረው የወሊድ ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ 120 ቀን አድጓል፤ ለአባት የተፈቀደው ግን 3 ቀን ብቻ ነው። ተረት የሚያውቅ ወላጅ ዛሬም አልጠፋም፤ የጎደለው ልጆቹ ሳይተኙ ቤቱ የሚደርስበት ሰዓት ነው።