የመቀነት ጫፍ

ጠጋ በሉ፣ ጆሮም ስጡኝ። ነገሩ የሚጀምረው ሳሪስ ነው፤ ከአደይ አበባ የመጣው ባቡር አቦ መገንጠያ ሳይደርስ ከሚቆምባት ሳሪስ። ባለታሪኬ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ከማውቃቸው ከሦስት ከአራት የሰፈር ልጆች ገጣጥሜ ያመጣሁት ስለሆነ ስም አላወጣሁለትም።

እናቱ ቤይሩት ናት። ስትሄድ ሦስት ዓመቱ ነበር። «ሲያለቅስ ማየት አልችልም» ብላ ሌሊት እንደተኛ ጥላው ወጣች። ጠዋት ብርድ ልብሱን ገልጦ ፈለጋት፤ ከዚያ አልጋ ሥር፣ ከዚያ ጓሮ። ጥቂት ቀን በር በሩን ሲያይ ሰንብቶ ተወው። ጎረቤቱ ሁሉ «ተመስገን፣ ለመደ» አለ። እኔ ይህቺን «ለመደ» የምትባል ቃል አላምናትም።

አያቱ ጉሊት ነው የሚውሉት፤ ቲማቲምና ቃሪያ በመደብ በመደብ። ያገኙትን መቀነታቸው ጫፍ ላይ ይቋጥራሉ። ልጁ ስምንት ዓመት ሲሞላው ቋጠሮው መቅለል ጀመረ፤ ዛሬ አምስት ብር፣ ነገ አሥር። አሮጊቷ መጀመሪያ የጠረጠሩት ራሳቸውን ነው። «አረጀሁ፣ መቁጠርም ተሳነኝ» አሉ። ኋላ ባለሱቁ ነገራቸው፤ ልጁ ብስኩት እየገዛ ለሰፈሩ ልጆች ያድላል፣ እሱ አንዲት አይቀምስም። ልብ በሉልኝ! ተገረፈ፣ በርበሬ ታጠነ፣ «ሌባ» ተባለ። ስለ ብስኩቱ የጠየቀው ግን አልነበረም። ብስኩቱ ያለቀ ዕለት ልጆቹ ጥለውት ይሄዳሉ፤ እንግዲህ ማለቅ የለበትማ።

እስቲ ለንደን ደርሰን እንመለስ። ጆን ቦውልቢ የሚባል ሐኪም 44 ሌባ ልጆችን ካልሰረቁ ሌሎች 44 ልጆች ጋር አነጻጽሮ ያገኘውን በ1944 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ከሌቦቹ 14ቱ ቢቆጧቸውም ቢያቅፏቸውም ግድ የማይሰጣቸው ሆነው አገኛቸው። ከእነዚህ 12ቱ በሕፃንነታቸው ከእናታቸው ለረጅም ጊዜ ተለይተው የኖሩ ናቸው። ካልሰረቁት 44 ውስጥ እንዲህ የተለዩት 2 ብቻ ነበሩ። ሰውየው ማን ሌባ፣ ማን ደህና እንደሆነ እያወቀ ራሱ መመርመሩ አስተችቶታል፤ ተቺዎቹም ልክ ናቸው። በ1972 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማይክል ራተር የሚባል ሌላ ሐኪም መጣና መለየት ብቻውን ሁሉን እንደማያስረዳ፣ የቤት ውስጥ ጠብና የፍቅር ማጣት ይበልጥ እንደሚጎዳ ጻፈ። ስለዚህ «እናቱ ዐረብ አገር የሄደች ሁሉ ሌባ ይሆናል» የሚል ካለ እኔን እማኝ አይጥራ።

ወደ ልጃችን። አሥራ አንድ ዓመቱ ላይ ታክሲ ከሚጠብቁት መሀል የአንዲት ሴት ስልክ መንትፎ ሮጠ። ሃያ እርምጃም አልሄደ፤ ተያዘ። ጫማው የቀረው እዚያው አስፋልቱ ላይ ነው። ከጡጫው የገላገለው ፖሊስ መጀመሪያ የጠየቀው ዕድሜውን ነበር። ዕድሜ እዚህ ላይ ትልቅ ነገር ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ ጨርሶ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ያለው ደግሞ የአዋቂ ቅጣት አይቀጣም፣ ከአዋቂ ወንጀለኛ ጋርም አይታሰርም። አያቱ የልደት ወረቀት የላቸውም። መቀነታቸውን ፈቱና፣ ከዚያው ከሚሰረቅበት ጫፍ፣ አራት ቦታ የታጠፈ የክርስትና ካርድ አወጡ።

ጉዳዩ የታየው በዝግ ነው፤ የልጆች እንዲያ ነው። አንቀጽ 54 ዳኛ ከመወሰኑ በፊት የልጁን አስተዳደግ፣ ጠባይና ኑሮ እንዲያጣራ መንገድ ይከፍትለታል። ዳኛዋ መንገዱን ተጠቀሙበት። አያትየዋን «እናቴ፣ ይቀመጡ» አሉና ከቤይሩት ጀምረው እስከ መቀነቱ አስወሩዋቸው። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሩ።

«ማሙሽ፣ ብስኩቱን ለማን ለማን ነበር የምትሰጠው?»

ቀና አለ። በጣቱ እየቆጠረ ስም መጥራት ጀመረ። ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ጣቱን አጠፈው።

«ስያዝ ግን አብረውኝ ነበሩ» አለ። «ሮጡ።»