ትናንት «ኤስዲኤ»፣ ዛሬ «ኤስዲቢ»፦ የኮምፒውተር ዕቃዎች ስም አጭር ታሪክ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ኮምፒውተር ውስጥ ላሉ ዲስኮችና የኔትወርክ ካርዶች ግን ስም የሚያወጣው ሥርዓተ ክወናው ነው። በሊኑክስ ይህ ስም ብዙ ዘመን የተሰጠው በመጡበት ተራ ነበር፤ ቀድሞ የታየው ዲስክ «ኤስዲኤ»፣ ቀጥሎ የታየው «ኤስዲቢ»። ባንክ ገብተን የወረፋ ቁጥር እንደምንወስደው ማለት ነው። ታዲያ አንድ ሰው «7 ቁጥር ለያዘው ሰው ገንዘቡን ስጡልኝ» ብሎ ቢሄድ፣ ነገ ገንዘቡን የሚወስደው ማን ነው?

ቀልድ አይደለም። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ተራው ከተቀያየረ፣ «ኤስዲቢን አጥፋ» የሚለው ትእዛዝ የሚያጠፋው ያላሰብነውን ዲስክ ሊሆን ይችላል። ይህ ችግር እንዴት እንደመጣና እንዴት እንደተፈታ እስቲ እንይ። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው ዩኒክስ ነው። በ1970ዎቹ መባቻ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላብራቶሪዎች ዩኒክስን ሲሠሩ፣ መሣሪያውንም እንደ ፋይል አዩት። ዲስኩም ተርሚናሉም «ዴቭ» በተባለ ፎልደር ውስጥ የየራሳቸው ስም አላቸው። ከስሙ ጀርባ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ አንዱ ድራይቨሩን፣ ሌላው ድራይቨሩ ከሚመራቸው ዕቃዎች የትኛው እንደሆነ ይናገራሉ። መሣሪያ ግዙፍና ከቦታው የማይነቃነቅ በነበረበት ዘመን ይህ በቂ ነበር።

ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ያስተዋወቀው ሊኑክስም ይህንኑ ወረሰ። ሊኖር ለሚችል መሣሪያ ሁሉ ስሙ ቀድሞ መጻፍ ስለነበረበት ግን ፎልደሩ ተጨናነቀ፤ በ2003 የወጣው ሬድ ሃት 9 ከ18,000 በላይ ስሞች ነበሩት፤ አብዛኞቹ ባለቤት የሌላቸው። ዩኤስቢ ሲመጣ ደግሞ ባሰ፤ ዕቃው ኮምፒውተሩ እየሠራ የሚሰካና የሚነቀል ሆነ።

የሪቻርድ ጉች «ዴቭኤፍኤስ» በ2001 ከወጣው ከርነል 2.4 ጋር ለሕዝብ ደረሰ። ከርነሉ በእውን ላሉት ዕቃዎች ብቻ ስም ይፈጥር ስለነበር ፎልደሩ ጸዳ። ግን የስም አወጣጡ ደንብ ከርነሉ ውስጥ መግባቱን ብዙዎች አልወደዱትም፤ በኋላም ተወገደ።

በ2003 ግሬግ ክሮ-ሃርትማን «ዩዴቭ»ን ይዞ መጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ከርነሉ «አንድ ዕቃ ተሰክቷል» ብሎ ይንገር፤ ስም ማውጣቱን ከእሱ ውጭ ያለ ፕሮግራም ይሥራው። ፕሮግራሙ የዕቃውን አምራች፣ መለያ ቁጥርና የተሰካበትን ቦታ አይቶ በደንቡ መሠረት ስም ይሰጣል። ለዲስኮች «ኤስዲኤ» አልቀረም፤ ከጎኑ ግን የማይለዋወጡ ተጨማሪ ስሞች ተቀመጡ። ከእነዚህ አንዱ የፋይል ሥርዓቱ ሲፈጠር የሚሰጠው «ዩዩአይዲ» ነው፤ 128 ቢት ርዝመት ያለው፣ እንደ ጣት አሻራ የሚያገለግል ቁጥር።

የኔትወርክ ካርድ ግን አስቸጋሪ ሆነ። ካርዱ «ዴቭ» ውስጥ ፋይል ስለሌለው፣ እንደ ዲስክ ተጨማሪ ስም ከጎኑ ማስቀመጥ አልተቻለም። ድራይቨሮች በአንድ ጊዜ ሲነሱ ማን እንደሚቀድም አይታወቅም፤ ትናንት «ኤት0» የነበረው ዛሬ «ኤት1» ይሆናል። አንዱ ካርድ ወደ ኢንተርኔት፣ ሌላው ወደ ውስጥ ኔትወርክ በሚያዩበት ሰርቨር ላይ፣ ፋየርዎሉ ለማያምነው በር የታመነውን ደንብ ሰጠ ማለት ነው።

መጀመሪያ ዩዴቭ የካርዱን ማክ አድራሻ መዝግቦ ስሙን እንዲያስታውስ ተደረገ። ካርድ ተበላሽቶ ሲቀየር ግን አዲሱ የድሮውን ስም አያገኝም። ዴል የሠራው «ባዮስዴቭኔም»፣ በ2011 በፌዶራ 15 የገባው፣ ስሙን ከቦታ ጋር አያያዘ። በጥር 2013 ደግሞ ሲስተምዲ 197 ይህንን መንገድ አስፋፋው፤ «ኢኤንፒ3ኤስ0» ማለት በፒሲአይ መስመር 3፣ በቀዳዳ 0 ያለ የኢተርኔት ካርድ ነው። ስሙ አያምርም ብለው ያጉረመረሙ ብዙ ናቸው። ጥቅሙ ግን እንደ ቤት ቁጥር ነው፤ ተከራዩ ቢቀየር ቁጥሩ አይቀየርም።

ይህም ቢሆን ፍጹም አይደለም። አዲስ ካርድ ሲጨመር የመስመሮቹ ቁጥር ሊዛነፍ ይችላል። ዲስክ እንዳለ ከተገለበጠም አሻራው አብሮ ስለሚገለበጥ ሁለት ዕቃዎች አንድ መለያ ይይዛሉ። ተራ፣ ቦታ፣ አሻራ፦ ሦስቱም ስም ያወጣሉ፤ የሚሰጡት ዋስትና ግን የተለያየ ነው። ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ትእዛዝ ከመጻፉ በፊት መጠየቅ ያለበትም ይህንን ነው፦ የምፈልገው ይህንን ዕቃ ራሱን ነው፣ ወይስ እዚያ ቦታ ላይ የተሰካውን ማንኛውንም ዕቃ?