የቶርክ ኮንቨርተር መቈለፊያ ታሪክ

ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የነጂውን ድካም ስለ መቀነስ ነው። የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ ግን ከዚያ ጠበብ ያለ ነው፤ ይኸውም በካምቢዮው ውስጥ ያለውን የቶርክ ኮንቨርተር መቈለፊያ ማዘዝ የሚገባው መሣሪያው ራሱ ነው ወይስ ነጂው? የሚለውን ጥያቄ ከታሪኩ ተነሥቶ መመርመር ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ተጽፈዋል።

የቶርክ ኮንቨርተር መነሻው አውቶሞቢል ሳይሆን መርከብ ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሄርማን ፎቲንገር በስቴቲን ከተማ በቩልካን የመርከብ ሥራ ኩባንያ ሳለ አንድ ችግር ገጠመው። የእንፋሎት ተርባይን የሚዞረው እጅግ ፈጥኖ ነው፤ የመርከቡ መቅዘፊያ ግን በዝግታ መዞር አለበት። ፎቲንገር በ1905 በፈሳሽ አማካይነት ኀይል የሚያስተላልፍ መሣሪያ ፈለሰፈና የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። አሠራሩን የውሃ ወፍጮ ያየ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ሞተሩ የሚያዞረው ፓምፕ ዘይቱን ይወረውራል፤ ዘይቱም ተርባይኑን እየመታ ያዞረዋል። ስታተር የተባለው ሦስተኛው ክፍል ደግሞ ተመላሹን ዘይት አቅጣጫ ስለሚያስይዘው፣ መኪናው ከቆመበት ሲነሣ የማዞሪያው ኀይል ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ ይደርሳል።

ይህ ጥቅም ዋጋ አለው። በፓምፑና በተርባይኑ መካከል ከዘይት በቀር የሚያገናኝ ነገር ስለሌለ ተርባይኑ ዘወትር በጥቂቱ ወደ ኋላ ይቀራል። በዚህ ልዩነት የሚጠፋው ኀይል ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ነዳጅ ይባክናል፣ ዘይቱም ይግላል።

መሣሪያው በአሜሪካ የቤት አውቶሞቢሎች ላይ ሲስፋፋ ይህ ጉድለት ወዲያው ታየ። የቡዊክ ኩባንያ በ1948 ዳይናፍሎው የተባለውን ካምቢዮ ባወጣ ጊዜ ገዢዎች ልስላሴውን ወደዱት፤ ነገር ግን ኀይል የሚያባክን ነበር። ፓካርድ በ1949 ባቀረበው አልትራማቲክ ላይ መፍትሔውን ጨመረ፤ መኪናው በቂ ፍጥነት ሲያገኝ አንድ ፍሪሲዮን ፓምፑንና ተርባይኑን አጣብቆ እንደ አንድ አካል ያዞራቸዋል። ስቱድቤከርም በ1950 ይህንኑ መንገድ ተከተለ። መቈለፊያው መቼ እንደሚይዝ የሚወስነው የመኪናው ፍጥነትና የቤንዚን ፔዳሉ አረጋገጥ ነበር።

ይሁን እንጂ ፈጠራው ብዙ አልቈየም። በዚያ ዘመን ቤንዚን ርካሽ ስለ ነበረ የሚገኘው ቁጠባ ለተጨማሪው ወጪ በቂ ምክንያት ሆኖ አልታየም። በ1950ዎቹ አጋማሽ መቈለፊያው ከአሜሪካ የቤት አውቶሞቢሎች ላይ ጠፋ።

እንደ ገና ያስነሣው የነዳጅ ችግር ነው። በጥቅምት 1973 የዐረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ካደረጉ በኋላ የአንድ በርሜል ዋጋ ከ3 ዶላር ገደማ ተነሥቶ በ1974 መጀመሪያ ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1975 ባወጣው ሕግ የ1985 ሞዴል የቤት አውቶሞቢሎች በአማካይ በአንድ ጋሎን 27.5 ማይል፣ ማለት በአንድ ሊትር 11.7 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እንዲሄዱ አዘዘ። ስለዚህ ክራይስለር በ1978 ሞዴሎቹ ላይ መቈለፊያውን መለሰ። ጄኔራል ሞተርስ በ1982 ሞዴል ባወጣው 700አር4 ካምቢዮ ደግሞ ትእዛዙ ለኤሌክትሪክ ተሰጠ፤ ኮምፒዩተሩ ሶሌኖይድ የተባለውን ትንሽ ቫልቭ ሲያዝዘው የዘይቱ ግፊት ፍሪሲዮኑን ያስይዛል።

የእጅ ማብሪያ ማጥፊያ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ይህን ካምቢዮ ኮምፒዩተር በሌለው አሮጌ መኪና ላይ የገጠሙ ሰዎች መቈለፊያውን የሚያዝ አጡ። ሳይቈለፍ በአራተኛ ማርሽ ረጅም መንገድ ቢነዳ ዘይቱ ከልክ በላይ ይሞቃል፤ የሞቀ ዘይት ደግሞ ካምቢዮውን ያበላሻል። ስለዚህ ከባትሪው ወደ ሶሌኖይዱ የሚሄደውን ሽቦ በነጂው አጠገብ ባለ ማብሪያ ማጥፊያ በኩል አሳለፉት። ከባድ ጭነት የሚጐትቱ ነጂዎችም ሌላ ጥቅም አገኙበት፤ ቍልቍለት ሲወርዱ የተቈለፈ ኮንቨርተር የሞተሩን መያዝ ወደ ጎማዎቹ በሚገባ ስለሚያደርስ ፍሬኑ ያርፋል።

ነገር ግን ሥልጣን ያለ ኀላፊነት አይመጣም። ነጂው ሳይፈታው ቢቆም፣ ፍሪሲዮን ሳይረግጥ እንዳቆመ ሰው ሞተሩ ይጠፋል። በዝቅተኛ ፍጥነት ዳገት ላይ ቢቈልፈው ደግሞ ሞተሩ ይጨነቃል፤ ፍሪሲዮኑም ተንሸራቶ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ አዋቂ ሠራተኛ ሽቦውን በፍሬኑ ፔዳል ላይ ባለው ማቋረጫ በኩል ያሳልፈዋል፤ እግር ፍሬኑን በነካ ጊዜ መቈለፊያው በራሱ ይፈታል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር መረዳት ይቻላል። አንደኛ፣ መልካም ፈጠራ የሚኖረው ጥበቡ ስለ ተገኘ ብቻ ሳይሆን ዘመኑ ሲፈልገው ነው፤ የ1949ኙ መፍትሔ የነዳጅ ዋጋ እስኪወደድ ድረስ ወደ 30 ዓመት ያህል ጠብቋል። ሁለተኛ፣ መሣሪያው የሚያውቀው ያለፈውንና አሁን ያለውን ፍጥነትና ጭነት ነው፤ ከፊት ያለውን ዳገት የሚያየው ነጂው ነው። ስለሆነም የተሻለው ሥርዓት ማስቈለፉን ለነጂው ዐይን፣ በአደጋ ጊዜ መፍታቱን ግን ለመሣሪያው የተወው ይመስለናል።