የጠመንጃ ያዦች ከተማ

የአገራችን የጠመንጃ ታሪክ ሲተረክ ወዲያው ጦር ሜዳ ይገባል። ግራኝ አህመድ በ1535 ወይና ደጋ ላይ በጥይት መውደቁ፣ አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ማሠራታቸው፣ ከዚያም ዓድዋ። ተኳሹ ይፎከርለታል፣ ጠመንጃው ስም ይወጣለታል። መሣሪያውን ያስቀመጠው፣ የቆጠረውና ጥይቱን ያደለው ሰው ግን ከትረካው ይቀራል። አዲስ አበባ ይህን ሰው ፈጽማ አልረሳችውም። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ጠመንጃ ያዥ የሚባል ሰፈር እስከ ዛሬ አለ፤ እንደ ሠራተኛ ሰፈርና እንደ ዘበኛ ሰፈር ሁሉ ከቤተ መንግሥቱ ግቢ አገልግሎት ጋር የተያያዘ ስም ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ወዲህ በአገሪቱ የሥልጣን ሚዛን ላይ ከታጣቂው ይልቅ ያዡ ይከብድ ነበር ብዬ እከራከራለሁ። የመዲናዋ መሀል ታሪክም በዚህ በኩል ሲታይ ብዙው ነገር ግልጽ ይሆናል።

ነገሩ የሚጀምረው ከባሩድ ነው። በአፈሙዙ የሚጎርሰው የጥንቱ ነፍጥ ባለቤቱን የማንም ጥገኛ አያደርገውም ነበር። ድኙ ከአፋር ቆላ ይመጣል፤ ከሰሉን ማንም ያከስላል፤ ሦስተኛውን፣ ጨው መሰሉን ነገር፣ ከአፈር አጥቦና አፍልቶ የሚያወጣ ባለሙያ አይጠፋም። እርሳስ አቅልጦ ማፍሰስ የአንድ ማታ ሥራ ነው። ስለዚህ በዘመነ መሳፍንት ጥቂት ነፍጥ ያለው ባላባት ባሩዱን በደጁ እያስወቀጠ ንጉሥ መገዳደር ይችል ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ከኋላቸው የሚጎርሱት ሰናድርና ውጅግራ፣ ኋላም ምንሽር ሲገቡ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ጥይቱ ባሩዱን፣ እርሳሱንና ቀለሁን አንድ አድርጎ ከአውሮፓ ፋብሪካ ተሠርቶ የሚመጣ ሆነ። የሰናድሩን ውጅግራ አይጎርሰውም፤ የውጅግራው ለምንሽር አይሆንም። የተተኮሰውን ቀለህ ለቅሞ ባሩድ ሞልቶ መልሶ የሚተኩስ ነበር፤ ዳሩ ግን በእጅ የተሞላ ጥይት በጭንቅ ሰዓት የመክሸፍ ጠባይ አለው። እንግዲህ የጥይት ሳጥኑን በየዓይነቱ ለይቶ፣ ከእርጥበት ጠብቆ የሚያስቀምጥ ግምጃ ቤት ያለው ጌታ በባለ ጠመንጃው ሁሉ ላይ የበላይ ሆነ ማለት ነው።

አዲስ አበባ ተቆረቆረች የሚባልበት 1879 ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ወደ 2000 የሚጠጋ አሮጌ ጠመንጃ ከታጁራ በግመል አስጭኖ ሸዋ የደረሰበት ዓመትም ነው። ገጣሚነቱን ትቶ ነጋዴ ከሆነ ቆይቷል፤ በዚህኛው ንግድ ግን ከሰረ። ምኒልክ ጨለንቆ ላይ ድል ነስተው፣ ሐረርን ይዘው፣ የሐረርንም መሣሪያ ጠቅልለው መመለሳቸው ነበርና ዋጋውን ቆረጡት፤ በሟቹ ሸሪኩ በላባቱ ስም የቀረበውን ዕዳም ቀነሱበት። ከባሕር በር የራቀ የሸዋ ንጉሥ በአውሮፓ ነጋዴ ላይ ዋጋ የሚቆርጠው ግምጃ ቤቱ ባዶ ካልሆነ ብቻ ነው። በሚያዝያ 1881 የውጫሌ ውል ሲፈረም ሰሞን ደግሞ ጣሊያን ራሷ በሺዎች የሚቆጠር ጠመንጃ ሰጠች። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ ላይ ወደ 100,000 የሚገመት ሠራዊት ሲሰለፍ አብዛኛው ጠመንጃ የታጠቀ ነበር። በዚያ ቀን መድፈኛውን እየመሩ ስማቸው የገነነው ባልቻ አባ ነፍሶ ማዕረጋቸው በጅሮንድ ነው፤ በጅሮንድ ማለት የግምጃ ቤት ሹም ነው። መድፍ የግምጃ ቤት ንብረት ነበርና መድፈኛውም ከዚያ ቢወጣ አያስገርምም። የጣሊያኑ ጄኔራል ባራቲየሪ ይዘዋቸው የመጡት 56 መድፎችም በሙሉ በድል አድራጊው እጅ ገቡ።

ጠመንጃ በዚህ አገር የግል ሀብት አልነበረም ወይ የሚል ሙግት ይነሣል። እውነት ነው፤ ገበሬው በሬ ሸጦ ይገዛዋል፣ ለልጁ ያወርሰዋል፣ በሠርግና በለቅሶ ይዞት ይወጣል። የዓድዋም ጦር ትልቁ ክፍል የየመኳንንቱ ተከታይ ነበር። ወደ ደቡብ የወረደው ነፍጠኛም መሣሪያውን ይዞ በተመራው መሬት ተተክሏል። (ቃሉ ዛሬ ላንዱ ስድብ ላንዱ ኩራት ሆኗል፤ ወደዚያ ንትርክ አልገባም።) ይሁንና ከግል ጠመንጃ ጎን የጥይቱን ታሪክ እንይ። በዚያ ዘመን ጥይት በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር፤ ከማሪያ ቴሬዛ ብር በታች ላለው ዕቃ መልስ ሆኖ ይሰጥ ነበር። እንደ ሳንቲም የሚቆጠር ነገር እንደ ልብ አይተኮስም። ዝናሩ ውስጥ አሥር ጥይት ያለው ሰው ሽፍታ ይመልሳል፣ ወሰን የገፋበትን ጎረቤት ያስፈራራል፤ የአንድ ወር ዘመቻ ግን አይወጣበትም። ለዘመቻ ሲከተት እጁን የሚዘረጋው ወደ ጌታው ነው፤ ጌታውም ወደ ንጉሡ።

ይህ ሥርዓት የራሱ መዘዝ ነበረው። መሣሪያው መዲናዋ ላይ ሲከማች በዙሪያው የሰፈረው ወታደር፣ መሐል ሰፋሪው፣ የፖለቲካ ዳኛ ሆነ። መስከረም 17 ቀን 1909 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ የመሐል ሰፋሪው ክብደት ተሰምቷል፤ በ1910 ደግሞ ይኸው ጦር ተሰብስቦ ሚኒስትሮቹ እንዲሻሩ አስገድዷል። በ1921 መባቻ ደጃዝማች አባ ውቃው ብሩ በግቢው ውስጥ ባለው የምኒልክ መካነ መቃብር ከሰዎቻቸው ጋር መሽገው በአልጋ ወራሹ በራስ ተፈሪ ላይ ተነሡ። ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርደው አልሸፈቱም፤ የመረጡት ቦታ መሣሪያው ያለበት ግቢ ነው። በእኔ ግምት ኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ተፈሪ ክቡር ዘበኛን ለማጠናከር የተጉትና የ1922ቱን የጦር መሣሪያ ንግድ ውል ከፈረንሳይ፣ ከእንግሊዝና ከጣሊያን ጋር የተፈራረሙት በዚህ ስሌት ነው። በባቡር የሚገባው መሣሪያ በአንድ በር ብቻ እንዲያልፍ ፈለጉ። ያ በር በ1927 በእንግሊዝና በፈረንሳይ ክልከላ ሲዘጋ ግን ግምጃ ቤቱም አብሮ ታነቀ።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ በ1928 የሆነው ነው። ሚያዝያ 24 ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ጅቡቲ ሲሄዱ ግምጃ ቤቶቹ ተከፈቱ፤ ጣሊያን ሚያዝያ 27 እስኪገባ ከተማዋ በተኩስ፣ በዘረፋና በቃጠሎ ተናጠች፤ የውጭ ዜጎች በየሌጋሲዮኑ ተሸሸጉ። ማዕከሉ ፈረሰ፤ ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት የተዋጋው አርበኛ ደግሞ በየጫካው በተበተነ ጠመንጃ ነው የተዋጋው። ታዲያ አገር ያዳነው መበተኑ አይደለምን? በከፊል አዎ፤ ሁሉም በአንድ ቤት ተቆልፎበት ቢሆን ኖሮ ወራሪው በአንድ ቀን ይረከበው ነበር። ነገር ግን በሸዋ ትግሉን ካቆዩት ዋነኛው አበበ አረጋይ ማን ነበሩ ብለን እንጠይቅ። ጣሊያን ሲገባ የአዲስ አበባ ፖሊስ አዛዥ ነበሩ፤ ተከታይና መሣሪያ ይዘው ከከተማዋ ወጡ። ከዚያ በኋላ ጥይት የሚማረከውም፣ የሚታደለውም በእሳቸውና በመሰሎቻቸው እጅ ነበር። በዚያ ሰሞን ከተማ ውስጥ ብቻውን ጠመንጃ የዘረፈው ሰውስ? ጎረቤቱ ላይ ተኮሰበት፣ ሸጠው፣ ወይም ለጣሊያን መሣሪያ ሰብሳቢ አስረከበው።

ካዛንቺስ ከዚህ በኋላ የመጣ ሰፈር ነው። ጣሊያን የከተማውን ሰው መሣሪያ እያስፈታ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤቶቹን ከግቢው ግርጌ ሠራ። እነዚያ ቤቶች ከነፃነት በኋላ ለሌላ ነዋሪ አለፉ፤ ግቢውም በየሥርዓቱ የጦር ኃይል ማዕከልነቱን አልለቀቀም። ክርክሬ መሣሪያ በመንግሥት እጅ ሲሆን ሰላም ይሆናል ወደሚል ድምዳሜ የሚወስድ የሚመስለው ካለ 1969ን ይመልከት። ደርግ ለየቀበሌው አብዮት ጥበቃ ጠመንጃ ሲያድል መሣሪያው ከግምጃ ቤት የወጣው በበላይ ትእዛዝ ነበር፤ እንደ 1928ቱ በዘረፋ አልነበረም። የቀበሌ ጽሕፈት ቤት እያንዳንዱ የራሱ ግምጃ ቤት፣ የራሱ እስር ቤትና የራሱ ያዥ ኖረው፤ ያዡን የሚጠይቅ ግን አልነበረም። በዚያው በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ መስቀል አደባባይ ላይ የቆመው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ውስጥ ግድግዳውን የሞሉት የወጣቶች ፎቶግራፎች የዚያ ዕደላ ሰለባዎች ናቸው።