«በምን ላጠጣው?»

መድኃኒት ቤት ወረፋ ይዤ ከፊቴ ልጇን ያዘለች እናት ነበረች። ክኒኑን ተቀበለችና «በምን ላጠጣው?» ብላ ጠየቀች። ባለመድኃኒቱ ቀና ሳይል «በፈለግሽው፣ እህቴ» አለና ቀጣዩን ባለወረቀት ጠራ። ሴትየዋም ሄደች። እኔ ግን ያቺ «በፈለግሽው» ከጆሮዬ አልወጣ አለች።

አባቶቻችን እንኳ ኮሶን «በፈለግኸው ጊዜ ጠጣ» አይሉም ነበር። ኮሶ በማለዳ፣ በባዶ ሆድ ነው። ምን ተበላ፣ ምን ተጠጣ የሚለው ነገር ከመድኃኒቱ አይለይም።

ዘመናዊው ሕክምና ይህንን እየተሳሳተ ነው የተማረው። እ.ኤ.አ. በ1948 ኦሪዮማይሲን የተባለው መድኃኒት ለዓለም ተዋወቀ፤ የቴትራሳይክሊን ዘሮች በኩር መሆኑ ነው። ሆድ ስለሚያውክ ሐኪሞች የጨጓራ ማስታገሻ ጨምረው ይሰጡ ነበር። በ1950 ግን አሉሚኒየም ያለበት ማስታገሻ አብሮ ሲወሰድ በደም ውስጥ የሚገኘው የመድኃኒት መጠን እንደሚያሽቆለቁል ታወቀ። ቆይቶም ተራው የወተት ሆነ። በወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም መድኃኒቱን ጨምድዶ ይይዘዋል፤ የተያዘውን አንጀት አይቀበለውም፣ እንዲሁ ይወጣል። እናት «እንዳይመረው» ብላ በወተት ስታጠጣ መድኃኒቱን አባከነችው ማለት ነው። ቴትራሳይክሊን በማደግ ላይ ያለ የሕፃን ጥርስ የሚያበልዘውም ካልሲየምን እንዲህ አጥብቆ ስለሚይዝ ነው። ከስምንት ዓመት በታች ላሉ ልጆች በአብዛኛው የማይታዘዘውም ለዚሁ ነው።

ታዲያ ወተት ጠላት ነው? የለም! እ.ኤ.አ. በ2004 አገራችን ለፋልሲፋረም ወባ ፋንሲዳርን ትታ ኮአርተምን ዋና መድኃኒት አደረገች። በኮአርተም ውስጥ ካሉት ሁለት መድኃኒቶች አንዱ ሉሜፋንትሪን ይባላል። እሱ ደግሞ ስብ ካላገኘ ወደ ደም በደንብ አይገባም። በ2007 የታተመ ጥናት በጤነኛ ጎልማሶች ላይ ሲለካ፣ 36 ሚሊ ሊትር የአኩሪ አተር ወተት ብቻ ለዚህ እንደሚበቃ አሳይቷል። ጥቂት ጉንጭ ማለት ነው። ትኩሳት አፉን ዘግቶበት እህል እንቢ ላለ ሕፃን ይህ ትልቅ ዜና ነው፤ የእናቱ ጡትም ስብ አለው። በውኃ ብቻ ዋጥ አድርጎ የተኛው ልጅ ግን ክኒኑን ጨርሶም ወባው ሊያገረሽበት ይችላል።

አንዱን መድኃኒት ያበላሸ ወተት ሌላውን አዳነው። ሻይም እንዲሁ አመል አለው፤ ለደም ማነስ የታዘዘን የብረት ሽሮፕ በሻይ የሚያስከትል ሰው ብረቱን በከፊል ያስቀረዋል። ስለዚህ ለሁሉም መድኃኒት የሚሆን አንድ መልስ የለም፤ ለእያንዳንዱ ግን መልስ አለው።

ያቺ እናት ፊደል ትቁጠር አትቁጠር አላውቅም። የጠየቀችው ጥያቄ ግን ሐኪሞች ብዙ ዓመት ደክመው የደረሱበት ጥያቄ ነው። «በውኃ ስጪው» ወይም «ወተት አስቀምሺው» ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ወረፋው ረዥም ነው፣ እውነት ነው። ልጁ ግን ካልተሻለው ነገ ተመልሶ የሚሰለፈው እዚያው ወረፋ ላይ ነው፤ ያውም ከተመለሰ።