እሹሩሩ በኪየቭ መድረክ

እሹሩሩ ለመድረክ የተፈጠረ ዜማ አይደለም። ሰሚው አንድ ሕፃን ነው፤ እርሱም የሚሰማው እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ግን በሶቭየት ዩክሬን መዲና በኪየቭ፣ አዳራሽ የሞላ ሕዝብ አንድ እሹሩሩ ሰምቶ ከመቀመጫው ተነሣ። ዘፋኟ ሶፕራኖዋ ነሐማ ሊፍሺትስ ነበረች።

ነሐማ እ.ኤ.አ. በ1927 በሊትዌንያ፣ በካውናስ ከተማ ተወለደች። የናዚ ጦር ሶቭየት ኅብረትን በወረረ ጊዜ ቤተሰቧ ወደ ኡዝቤኪስታን ሸሸ፤ በካውናስ ከቀሩት አይሁዳውያን የሚበዙት ተፈጁ። ከጦርነቱ በኋላ ተመልሳ በቪልኒየስ ኮንሰርቫቶሪ የድምፅ ትምህርት ተከታተለች። ኮሎራቱራ የሚባለውን፣ በከፍታ ላይ እንደ ልብ የሚተጣጠፈውን ድምፅ ታድላለች። ሌሎች ወደ ኦፔራ ይዘውት የሚሄዱትን ይህን ድምፅ እርሷ ለይዲሽ ዘፈን አዋለችው። ይዲሽ ከጀርመንኛ ወገን የሆነ፣ በዕብራይስጥ ፊደል የሚጻፍ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዳውያን ቋንቋ ነው።

በዚያ ዘመን ይህ ምርጫ ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ታላቁ የይዲሽ ቴአትር ሰው ሰሎሞን ሚኾኤልስ በጥር 1948 ተገደለ፤ የሞስኮው የአይሁዳውያን ቴአትር በ1949 ተዘጋ፤ በነሐሴ 1952 ፔሬትስ ማርኪሽን የመሰሉ የይዲሽ ባለቅኔዎች በጥይት ተረሸኑ። ስታሊን በ1953 ከሞተ በኋላ ግን አፋኙ እጅ በመጠኑ ላላ። ነሐማ በ1958 በሞስኮ በተካሄደው የመላ ኅብረቱ የመድረክ ከያንያን ውድድር ከተሸላሚዎቹ አንዷ ሆነች፤ ከዚያም ከሪፐብሊክ ሪፐብሊክ እየተዘዋወረች ዘፈነች። ቋንቋቸውን በአደባባይ ለመስማት ሌላ ስፍራ ላልነበራቸው ሰዎች የእርሷ ኮንሰርት ከመዝናኛ በላይ ነበር።

የኪየቩ እሹሩሩ ርእስ ባቢ ያር ነው። ግጥሙ የኦቭሴይ ድሪዝ፣ ዜማው የሪቫ ቦያርስካያ ነው። ባቢ ያር በኪየቭ ዳርቻ ያለ ሸለቆ ሲሆን፣ ናዚዎች በመስከረም 1941 መጨረሻ በሁለት ቀን ውስጥ በራሳቸው ዘገባ መሠረት 33,771 አይሁዳውያንን የረሸኑበት ስፍራ ነው። ነሐማ በዘፈነችበት ጊዜ በቦታው ላይ ሐውልት አልነበረም፤ የመንግሥት አነጋገርም ሟቾቹን «ሰላማዊ የሶቭየት ዜጎች» ከማለት አያልፍም ነበር። ስለዚህ ርእሱን ከመድረክ ማሰማቱ ብቻ አንድ ነገር ነው።

እንደ እኔ አስተያየት የዘፈኑ ኃይል ያለው በቅርጹ ነው። የእኛ አገር አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ ዜማው ራሱ ለቅሶ መሆኑን ያስታውቃል፤ ሰሚው አስቀድሞ ልቡን ያዘጋጃል። እዚህ ግን ዜማው ማባበያ ነው፤ የሚታቀፍ ልጅ ግን የለም። እናቲቱ ባዶ ክንዷን ትወዘውዛለች። ሰምና ወርቅም አይደለም፤ የተሸሸገ ነገር የለበትምና። እንዲህ ላለው ዘፈን የሚጮኽ ድምፅ አይበጅም። የነሐማ ድምፅ በሸክላ እንደሚሰማው ቀጭንና ቁጥብ ነው፤ ኮንሰርቫቶሪ ያስተማራትን ጌጥ ሁሉ ወደ ጎን ትታ ቃሉን ታስቀድማለች።

ከዚያ ምሽት በኋላ የኪየቭ ዝግጅቶቿ ተሰረዙ። ባለቅኔው የቭጌኒ የቭቱሼንኮ ባቢ ያር የተሰኘ ግጥሙን ያሳተመው በ1961 ነው፤ ሾስታኮቪችም ግጥሙን በ13ኛው ሲምፎኒው አስገብቶ በታኅሣሥ 1962 ከግዙፍ ኦርኬስትራና ከወንዶች መዘምራን ጋር ለሞስኮ አሰማ። የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች ሲምፎኒውን አይረሱም፤ ተገቢ ነው። አንዲት ሴት ከሁለቱም በፊት በእሹሩሩ መዝፈኗን ግን ጥቂቶች ናቸው የሚያወሱት።

ነሐማ እ.ኤ.አ. በ1969 ወደ እስራኤል ሄደች። ስትዘፍን ቆይታ የቤተ መጻሕፍት ሙያ ተማረች፤ በቴል አቪቭም በሙዚቃ ቤተ መጻሕፍት ሠራች፤ ወጣት ድምፃውያንንም የይዲሽ ዘፈን አስተማረች። በባቢ ያር የሶቭየት መንግሥት በ1976 ያቆመው ሐውልት አይሁዳውያንን በስም አልጠራም። ሰባት ቅርንጫፍ ያለው የመቅረዝ ሐውልት የቆመው በ1991 ነው። ዘፋኟ በ2017 ስታርፍ ሐውልቱ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎት ነበር።