ኪንግ ቦስተንን ለምን መረጠ?

ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ቢቀበሉን የቱን እንመርጣለን? አብዛኞቻችን ስም ያለውን እንላለን። እስቲ አንድ ታሪክ እንይ።

ማርቲን ሉተር ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1951 አሜሪካ፣ ፔንስልቬኒያ ውስጥ ከነበረው ከክሮዘር የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት በአንደኛነት ሲመረቅ፣ ትምህርቱን የሚቀጥልበት 1,200 ዶላር ተሸለመ። ስኮትላንድ የሚገኘው የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎት ነበር። ኤዲንብራ ከ1583 ጀምሮ ሲያስተምር የኖረ አንጋፋ ነው። ቦስተን ዩኒቨርሲቲም ተቀበለው። ኪንግ የመረጠው ቦስተንን ነው። መጻሕፍታቸውን ያነበበላቸው ፕሮፌሰር ኤድጋር ብራይትማን የሚያስተምሩት እዚያ ነበርና።

ታዲያ ነገሩ እንዳሰበው አልሄደም። ፕሮፌሰሩ በ1953 ዐረፉ። ኪንግ ግን ሜዳ ላይ አልቀረም። የብራይትማን የቀድሞ ተማሪ የነበሩት ሃሮልድ ዲዎልፍ አማካሪው ሆኑና በ1955 ዶክትሬቱን ያዘ።

ብዙዎቻችን እዚህ ካምፕ ገና አንድም የቅበላ ደብዳቤ አልደረሰንም። ጥያቄው ግን ከአሁኑ ይጠየቃል፦ የምንፈልገውን ትምህርት እዚያ ማን ያስተምረናል? እሱ ቢሄድስ ሥራውን የሚይዝ ሌላ ሰው አለ ወይ? መምህራኖቻችንም ተማሪው ማመልከቻ ሲሞላ ስለ ዩኒቨርሲቲው ስም ብቻ ሳይሆን ይህንንም አብረውት ቢያዩለት መልካም ነው እንላለን።